የጋሽ ተካ አፍንጫ

ባለፈው ዓመት ለአንድ ሳምንት ሥራ ቦንጋ ሄጄ ነበር። ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ፣ ባጃጆቹን እየሸሸሁ ጥግ ጥጉን ስሄድ፣ ከአንድ ግቢ አጥር ሥር የተደፋ የጠላ አተላ ሸተተኝ። ይኮመጥጣል፤ ጌሾ ጌሾ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ታመሰ እህል ጣፈጥ የሚል ነገር አለው። አብራኝ የነበረችው ባልደረባዬ በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፍና ቶሎ አለፈች። እኔ ቆምኩ።

"ምነው፣ አመመሽ?" አለችኝ ዞር ብላ።

አላመመኝም። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ፣ የእናቴን ትልቅ ቦት ጫማ አድርጌ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነበር።

ያኔ ቦንጋ ባጃጅ አልገባባትም፤ የነበራት ጉም ነው። ጠዋት ስንነሳ ከተማዋ የለችም። ከግቢያችን በር ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። ቆየት ብሎ መጀመሪያ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ ድምፅ፣ በመጨረሻ ሰው ይወጣል። ከተማዋ ሁልጊዜ ጫካው ውስጥ የምታድር፣ ጠዋት ጠዋት እየረጠበች የምትመለስ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ሳትመለስ ብትቀርስ ብዬ እሰጋለሁ።

እናቴ መምህርት ነበረች፤ ከሸዋ ተመድባ የመጣች። አባቴ ደግሞ ጌሻ ወረዳ፣ ደካ የምትባል ከተማ ነበር የሚሠራው፤ በወር አንድ ጊዜ ጭቃ የለበሰ መኪና ላይ ተጭኖ ይመጣል። ሳይመጣ ሲቀር እናቴ "ግምገማ ላይ ነው" ትለኛለች። ግምገማ የጭቃ ዓይነት ይመስለኝ ነበር፤ ከሌላው ጭቃ የባሰ፣ መኪና ይዞ የማይለቅ። ክረምት ላይ ግምገማው እንደሚበዛ ስሰማ አልገረመኝም።

የምንኖረው ጋሽ ተካ ግቢ ውስጥ ነው፣ በሁለት የኪራይ ክፍል። ጋሽ ተካ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ ፊት ሰገግ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጆቻቸው ጅማና አዲስ አበባ ናቸው። እኔን "አንተ" ነበር የሚሉኝ። አፍ የፈቱት በካፊኖኖ ስለሆነ፣ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል። ዶሮዋንም "እሱ" ይሏታል፣ የጎረቤቷን ላምም "እሱ" ይሏታል። እናቴን ብቻ አይሳሳቱም፤ እሷን "እርስዎ" ነው የሚሏት።

ጋሽ ተካ አይሸታቸውም ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ እርሻ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። መጋዘኑ ውስጥ የተባይ መርዝ በበርሜልና በከረጢት ተደርድሮ ይቀመጣል። እሳቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው የሚውሉት፤ ምሳቸውንም እዚያው ይበላሉ። አንድ ቀን ጠዋት ቡና ፉት ሲሉ ሙቅ ውኃ ሆነባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም አይሸታቸውም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ "ማሽተት አጡ" ነው ያለችው። ማጣት ማለት የሆነ ቦታ ጥሎ መምጣት መሰለኝ። ወደዚያ እርሻ የሚሄድ መኪና ባየሁ ቁጥር፣ አንድ ሰው አግኝቶ ይዞላቸው ቢመጣ እያልኩ አስብ ነበር።

ከመጋዘኑ የወጡት አንድ ነገር ምለው ነው። "ፋብሪካ ያየ ነገር ግቢዬ አይገባም" ይላሉ። ጎመናቸው ላይ ምንም አይረጩም፤ ማዳበሪያ አይገዙም። ከብት ያላቸው ሰዎች ፍግ ይሰጧቸዋል። ታዲያ በዚያ ዝናብ ጎመኑን ቀንድ አውጣ ጨረሰው። ጠዋት ስንነሳ ቅጠሉ ወንፊት ሆኖ እናገኘዋለን። ዳክዬ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የሚያውቁት የጭነት መኪና ሾፌር "ዝዋይ ዳክዬ አይቻለሁ፤ ቀንድ አውጣ እንደ ቆሎ ነው የሚበላው" አላቸው። በሌላ ጊዜ ሲመጣ በሰጋቱራ የተሞላ ካርቶን ይዞ መጣ፤ ከሰጋቱራው ውስጥ አረንጓዴ መሰል ትልልቅ እንቁላሎች ወጡ።

ቀይዋን ዶሮ አስታቀፏት። ዶሮዋ በሦስት ሳምንቷ ሰለቻት። ሌላ ጊዜ በሦስት ሳምንት ጫጩት ታያለች፤ አሁን ድምፅ የለም። ልትነሳ ስትል ጋሽ ተካ በሁለት እጃቸው መልሰው ያስቀምጧታል፣ በካፊኖኖ ቀስ ብለው እየነገሯት። ምን እንደሚሏት ስጠይቃቸው "አንድ ሳምንት ጨምር እያልኩት ነው" አሉኝ። ጨመረች። ግንቦት ውስጥ ዘጠኝ ተፈለፈሉ፤ ቢጫ፣ አፋቸው ጠፍጣፋ፣ በተወለዱ በሁለተኛው ቀን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገብተው የሚዋኙ። ቀይዋ ዶሮ ከሳህኑ ዳር እየዞረች ጮኸች። ከላይ ሰፈር ድረስ ሰው እየመጣ አያቸው። አንዲት ሴትዮ ብዙ ቆማ ካየቻቸው በኋላ "ዬሮ ያውቃል" ብላ ሄደች። ዬሮ በካፋ እግዜር ማለት ነው።

የእኔ ሥራ የጀመረው ያኔ ነው። ሾፌሩ እንቁላሉን ሲሰጥ "ሻጋታ ተጠንቀቁ፤ ዶሮ የምትችለውን ሻጋታ ዳክዬ አይችልም" ብሎ ነበር። የቦንጋ በቆሎ ደግሞ ክረምት ላይ ካልተጠነቀቁለት ቶሎ ይሻግታል፤ ሻጋታው ለዓይን ከመታየቱ በፊት የሚታወቀው በጠረኑ ነው። ጋሽ ተካ ሊያሸቱ አይችሉም። አንድ ጠዋት በራችን ላይ መጥተው እናቴን "ልጅዎን፣ አፍንጫውን ያውሱኝ" አሏት። እናቴ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ትልቅ ነገር እንደተጠየቅኩ ገብቶኛል።

ከዚያ በኋላ ዘወትር ጠዋት፣ ከተማዋ ገና ሳትመለስ፣ ጆንያው ጋ እሄዳለሁ። ጋሽ ተካ ክክ በቆሎውን ከጆንያው ሥር በእጃቸው ይዘግኑና ከአፍንጫዬ ሥር ያመጡታል። እጃቸው ሻካራ ነው፤ ጣቶቻቸው ጫፋቸው ላይ የተላጠ ቆዳ አላቸው፤ ያም ከመጋዘኑ የመጣ ነው ይባላል።

"ምን ይላል?"

"ጭስ ይላል።"

"ሌላስ?"

"ፀሐይ ይላል።"

"ጥሩ ነው" ይላሉ፤ በቆሎው ወደ መኖ ሳህኑ ይሄዳል።

አንድ ቀን "አሮጌ ደብተር ይላል" አልኳቸው። ያን ጆንያ ሙሉውን አውጥተው አቃጠሉት። ጭሱ አጥሩን አልፎ ሲሄድ እያየሁ፣ በአንድ ቃል ጆንያ ሙሉ በቆሎ ማቃጠል እንደምችል አወቅሁ። ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ "እኔ የጋሽ ተካ አፍንጫ ነኝ" አልኳቸው።

መጀመሪያ ላይ ዳክዬዎቹ ውለው የሚገቡት ጎመኑ ውስጥ ነበር። ቀንድ አውጣውን እያነሱ ይውጣሉ፤ ሣሩን ይነጫሉ፤ ከዝናብ በኋላ የሚወጣውን ትል እየተሻሙ ይጎትታሉ። በቆሎው መክሰስ ነበር እንጂ ምግባቸው አልነበረም። ሰኔ ሲገባ ግን አንድ ጠዋት ሰባት ብቻ ሆነው አገኘናቸው። ከአጥሩ ሥር ቢጫ ላባ ነበር። "ሸለምጥማጥ ነው" አሉ ጋሽ ተካ። በዚያው ቀን ቀርከሃ ቆርጠው ጠንካራ ቤት ሠሩላቸው፤ በሩ በሽቦ የሚታሰር። ዳክዬዎቹ ገቡ፤ ቀኑንም ሌቱንም እዚያው ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሚበሉት በቆሎ ብቻ ነው፣ ንጹሕ፣ እኔ ያሸተትኩት።

በዚያው ሳምንት ጉንፋን ያዘኝ። አፍንጫዬ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። እናቴ ከጫማዋ ጋር ስትታገል ጋሽ ተካ እንደተለመደው ጠሩኝ፤ ሄድኩ። እጃቸውን አቀረቡልኝ። ሳብኩ። ምንም የለም፤ ሙቅ ውኃ። ማሽተት ማጣት ይተላለፋል ብዬ ደነገጥኩ። ደግሞም ፈራሁ፤ ካልሸተተኝ ሌላ ልጅ ይጠራሉ።

"ምን ይላል?"

"ጭስ ይላል" አልኩ።

"ሌላስ?"

"ፀሐይ ይላል።"

ሦስት ጠዋት እንዲህ አልኩ። በአራተኛው ቀን አፍንጫዬ ሲከፈት በቆሎው ደህና ይሸታል። ነገር ግን ያ የሦስቱ ቀን በቆሎ ተበልቶ አልቋል። ምን ብሎ እንደነበረ የሚያውቅ የለም።

ሳምንት ሳይሞላ አንደኛው ዳክዬ ሲራመድ አየሁት፤ ጉልበቱ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ ቅስት ጎብጧል። በማግስቱ ሦስት ሆኑ። ቁርጭምጭሚታቸው አካባቢ አብጧል፤ ሁለት እርምጃ ይሄዱና ይቀመጣሉ፤ ወደ ሳህኑ በደረታቸው እየተንፏቀቁ ይመጣሉ። ጋሽ ተካ ቀርከሃው ፊት ቁጢጥ ብለው ለረጅም ጊዜ ያዩዋቸዋል። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ውሸቴ በዳክዬዎቹ እግር ላይ እየወጣ መሰለኝ። እንደ ጽሕፈት ነው፤ ማንም ሊያነበው ይችላል።

እናቴ ናት ዶክተር ፀዳለን ያመጣቻት። ዶክተር አልነበረችም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበረች፣ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ሴት። ከተማው ግን ሁሉ "ዶክተር" ነው የሚላት። ጃንጥላዋን አጥፋ ቀርከሃው ሥር ገባች፤ አንዱን ዳክዬ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እግሩን ቀስ ብላ ዘረጋችው።

"ምን እያበሏቸው ነው ጋሽ ተካ?"

"በቆሎ።"

"ሌላስ?"

"በቆሎ። ንጹሕ ነው። እሱ ያሸተዋል" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሻጋታ ይሆን እንዴ?"

መሬቱን አየሁ።

"ሻጋታ ቢሆን ኖሮ አሁን አንድም አይተርፍልዎትም ነበር። ይሄ የቫይታሚን እጥረት ነው፤ ቫይታሚን ቢ። የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት በጣም የበለጠ ይፈልጋል። በቆሎ ደግሞ ቢኖረውም ቆልፎ ነው የሚይዘው፤ አይሰጣቸውም።"

"መጀመሪያ ደህና ነበሩ እኮ።"

"መጀመሪያ ውጭ ነበሩ። ትሉንም ሣሩንም ቀንድ አውጣውንም እየፈለጉ ይበሉ ነበር። የሚያስፈልጋቸውን ራሳቸው ያገኙት ነበር። ዘጉባቸው።"

ጋሽ ተካ የሽቦውን መቆለፊያ አዩት።

"ከመድኃኒት ቤት ኪኒን አለ" አለች ዶክተር ፀዳለ። "ውኃቸው ውስጥ ይሟሟል። ዛሬውኑ ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ከቆየ አጥንቱ እንደ ጎበጠ ይቀራል።"

"ፋብሪካ ያየ ነገር አላበላም።"

"ጋሽ ተካ፣ መርዝ እኮ አይደለም።"

"ያኔም መርዝ ነው አላሉኝም" አሉ። አልተቆጡም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት።

ዶክተር ፀዳለ ዳክዬውን መሬት ላይ መለሰችው። "እንግዲያው እርሾ ያለበት ነገር ይፈልጉ። የጠላ አተላ ያው ነው። ጉበት ካገኙ ጉበት። ሲያባራ ደግሞ ያውጧቸው፤ ጠባቂ ይኑራቸው። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። እነዚህ ጊዜ የላቸውም።"

ከሰማሁት ሁሉ ውስጤ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ በቆሎው ቢ የሚባለውን ቆልፎ ይዟል። ቢን አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ካፊኖኖ የምንማረው በላቲን ፊደል ነው፤ ቢ ማለት ሁለት ሆድ ያለው ፊደል ነው። ከቤታችን ጀርባ ሄጄ ድንጋይ ላይ በቆሎ አስቀምጬ በሌላ ድንጋይ መታሁት። አንዷን ፍሬ ከፈትኩ፤ ነጭ ዱቄት ነው። ሌላዋን ከፈትኩ። ምናልባት በጣም ትንሽ ይሆናል ብዬ ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። አመሻሹ ላይ እናቴ ስታገኘኝ ጭኔ ላይ ሁሉ የተፈጨ በቆሎ ነበር። ምን እያደረግሽ ነው ስትለኝ "ቁልፉን እየከፈትኩ ነው" አልኳት። ልትመታኝ ነበር፣ ፊቴን አይታ ተወችኝ። የእናቴን ጠመኔ ይዤ ሄጄ ቀርከሃው ላይ ትልቅ ቢ ጻፍኩ። ዝናቡ ወዲያው አጠበው።

በማግስቱ ጋሽ ተካ ባልዲ ይዘው ታች ሰፈር ጠላ ሻጯ እትዬ ወርቄ ጋ ሄዱ። አተላውን ለከብት አድላቢዎች ነበር የምትሰጠው። ለጋሽ ተካ ግን ከጋኑ ሥር ያለውን ወፍራሙን ቀዳችላቸው። ዳክዬዎቹ መጀመሪያ አፋቸውን ነክረው አራገፉ፤ ከዚያ ወደዱት። ሳህኑን ጨረሱ። ቆይተን ስናይ ሰባቱም አንገታቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ተኝተዋል፤ አንደኛው ሊነሳ ሲሞክር በጎኑ ወደቀ። ሞቱ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ወርቄ ወደውት እንደሆነ ልትጠይቅ መጥታ አየቻቸውና ወገቧን ይዛ ሳቀች።

"ሰክረዋል፣ ጋሽ ተካ። ሳይጨመቅ ሰጥተዋቸው ነው?"

ከዚያ ቀን በኋላ አተላውን በጨርቅ ጨምቀን፣ አስጥተን፣ ከተከተፈ ጎመን ጋር እየቀላቀልን ሰጠናቸው። ጋሽ ተካ ሉካንዳ ቤት ሄደው የጉበት ቁርጥራጭ ይለምናሉ። ሲያባራ ቀርከሃውን ከፍተን እኔ ዱላ ይዤ እጠብቃለሁ፤ ዳክዬዎቹ ግን ትሉ ጋ መድረስ አይችሉም፤ እኔ ነኝ ትሉን ቆፍሬ አፋቸው ድረስ የማደርስላቸው። እንደዚያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን ትንሹ ሞተ። ጋሽ ተካ እንሰቱ ሥር ቀበሩት። አፈሩን በእግራቸው እየደለደሉ "ዘገየሁ" አሉ። እኔ ግን እኔን የወቀሱ መሰለኝ።

እናቴ እጇ ይደነዝዛት ስለነበር ከጤና ጣቢያ የተሰጣት ብልቃጥ ነበር፣ ከሬዲዮኑ ጀርባ የሚቀመጥ። ብልቃጡን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ማታ እራት ስንበላ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል ታየኝ፤ ሁለት ሆድ ያለው፣ ለብቻው፣ ትልቅ ሆኖ የተጻፈ። ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ።

ጠዋት እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሁለት አወጣሁ። ቢጫ ናቸው፤ እንደ ረጠበ ጆንያ ይከረፋሉ። በድንጋይ አድቅቄ የዳክዬዎቹ ውኃ ውስጥ ጨመርኳቸው። ውኃው እንደ ፀሐይ ቢጫ ሆነ። እንዲህ ቢጫ የሆነ ነገር በዚያ ክረምት አላየሁም። ጋሽ ተካ እንደማይሸታቸው አውቃለሁ፤ ስለዚህ የማያውቁ መስሎኝ ልቤ አረፈ። ውኃው ቢጫ መሆኑ ምንም አላሳሰበኝም። እሳቸውን የጎደላቸው አፍንጫ ስለሆነ፣ መደበቅ ያለብኝ ከአፍንጫቸው ብቻ ነበር።

እንዲህ እያልኩ ብዙ ጠዋት ሄድኩ። ሐምሌ አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ያድራል፣ ሲመታ ይውላል፤ ትምህርት ተዘግቷል፤ ቀኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ረጅም ግራጫ ቀን ሆነዋል። በዚያ ቀን መሃል የሆነ ቦታ ላይ አንደኛው ዳክዬ ቆመ። ቆሞ ክንፉን አራገፈና አራት እርምጃ ሄደ። ጋሽ ተካ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ከዚያ ሌላው ተነሳ። ነሐሴ ላይ አምስቱ ጎመኑ ውስጥ ገብተው ቀንድ አውጣ ሲሻሙ ነበር። ስድስተኛው ብቻ ቀኝ እግሩ እንደ ጎበጠ ቀረ። ይበላል፣ ያድጋል፣ ላባ ያወጣል፣ ግን ይንፏቀቃል።

ጎረቤት ሲጠይቃቸው ጋሽ ተካ "አተላ ነው ያዳናቸው" ይላሉ። እትዬ ወርቄም "የኔ አተላ" እያለች ታወራለች። እኔ ዝም እላለሁ።

ብልቃጡ ግን አለቀ። እናቴ ገልብጣ እጇ ላይ አራገፈችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጣቶቿን ታሻሽ ነበር፤ ሰሞኑን ጠመኔ ሲወድቅባት እንደነበር ያን ጊዜ አስታወስኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና "የኔን ኪኒን ነገር እኔና አንቺ እንነጋገርበታለን። መጀመሪያ ሄደሽ ለጋሽ ተካ ንገሪ" አለችኝ።

ጋሽ ተካ የጣሪያውን አሸንዳ እየጠገኑ ነበር። መሰላሉ ሥር ቆምኩ።

"ጋሽ ተካ፣ ውኃቸው ውስጥ ኪኒን ስጨምር ነበር።"

መዶሻቸው ቆመ። ወደ ታች አላዩም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት?"

"ውኃው ቢጫ ነው። አፍንጫ ነው የሌለኝ፤ ዓይን አለኝ።"

ወርደው መሰላሉ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ከፊቴ እኩል ሆነ።

"በመጀመሪያው ቀን ሳህኑን አነሳሁት። ልደፋው። ምዬአለሁ እኮ።" ወደ እንሰቱ ጠቆሙ። "ትንሹ እንሰቱ ሥር ነው ያለው፤ እዚያ ማዶ ይታየኛል። ሳህኑን መልሼ አስቀመጥኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ውኃው ቢጫ ሳይሆን ሲቀር ተበሳጨሁ። ዘግይተህ ነበር ያን ቀን።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ግን ያስለቀሰኝ ኪኒኑ አልነበረም፤ ሌላውንም ማውጣት ስላለብኝ ነው። ጉንፋን እንደያዘኝ፣ ሦስት ጠዋት ሳይሸተኝ ጭስ ይላል፣ ፀሐይ ይላል እንዳልኩ ነገርኳቸው። ይህን አላወቁም ነበር። ፊታቸው ላይ አየሁት።

"ሻጋታ አልነበረም ብላለች" አልኳቸው። "ዶክተር ፀዳለ።"

"አልነበረም። ቢሆንስ ኖሮ?"

አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

"ያልሸተተው ሰው አልሸተተኝም ይላል" አሉ። "እኔ እላለሁ። አያሳፍርም።"

ተነስተው መሰላሉ ላይ ወጡ። በማግስቱ ጠዋት አልጠሩኝም። ቦት ጫማውን አድርጌ በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ጉሙ ተነሳ፣ ሰው ታየ፣ ድምፃቸው አልመጣም። በበነጋውም አልጠሩኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ምንም ሳይታይ፣ "አንተ" የሚል ሰማሁ። ሮጥኩ። እጃቸው ላይ ያለውን በቆሎ ከማሽተቴ በፊት አፍንጫዬን ተናፍጬ አሳየኋቸው። እንደ ድሮው "ምን ይላል?" አሉ፤ እንደ ድሮው ግን ቶሎ አልመለስኩም። ሁለት ጊዜ አሸተትኩ።

እናቴ ኪኒኑን ጳጉሜን ውስጥ እንደገና አገኘች፤ እስከዚያ ድረስ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ እጇን በሌላው እጇ ትደግፍ ነበር፤ ክረምቱን ለደካማ ተማሪዎች ታስተምር ነበርና። እኔን አልመታችኝም። ልብሷን የምታጥብበትን ቀን ግን እያየሁ ቀድሜ ሄጄ እጨምቅላታለሁ፤ ከአንሶላው ጋር ስታገል እያየችኝ ምንም አትለኝም።

መስከረም ሲገባ ዝናቡ ረፍት ረፍት ማድረግ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ተካ ዱላቸውን ይዘው "ወንዝ እንውሰዳቸው" አሉ። ዳክዬዎቹ እስከዚያ ቀን ከሳህንና ከኩሬ በቀር ውኃ አላዩም። እናቴ ስድስተኛውን አይታ "ይሄ ሲሠቃይ ከሚኖር ለበዓል ቢታረድ አይሻልም ጋሽ ተካ?" አለች። እሳቸው "እናየዋለን" ብቻ አሏት።

በሰፈሩ መሃል ወረድን። ጋሽ ተካ ከፊት፣ አምስቱ ዳክዬዎች በመስመር ከኋላቸው፣ እኔ በመጨረሻ፣ እግረ ጎባጣውን በብብቴ አቅፌ። ከብዷል፤ ልቡ በእጄ ላይ ይመታል። ሰዎች ከየበራቸው ወጥተው ቆመው አዩን። እትዬ ወርቄ "አተላ ያሳደጋቸው" ብላ ለጠጪዎቿ አሳየቻቸው።

ወንዙ ጥላ ውስጥ ነበር፤ ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተዋል፤ ውኃው ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አምስቱ ዳር ላይ ቆሙ፤ አንደኛው ገባ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። እኔ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ስድስተኛውን ውኃው ላይ አስቀመጥኩት፤ እጄን ግን አልለቀቅኩም።

"ልቀቀው" አሉ ጋሽ ተካ።

ለቀቅኩት። አንድ ጊዜ ክብ ዞረ፤ ሁለተኛም ዞረ። የሚሰምጥ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ አንገቱን ቀና አደረገና ቀጥ ብሎ ወደ ሌሎቹ ሄደ። ደረሰባቸው። አንድ ላይ ሆነው ጭንቅላታቸውን እየነከሩ፣ ጀርባቸው ላይ ውኃ እየረጩ፣ እየተቀያየሩ ወደ ጥላው ገቡ።

ጋሽ ተካ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"እግሩ የተበላሸው የቱ ነው?" አሉኝ።

አየሁ። ስድስቱም እኩል ይሄዳሉ። እግራቸው ውኃው ሥር ነው።

"አላውቅም" አልኳቸው።

"እኔም አላውቅም" አሉ፤ ዱላቸውን ጎናቸው ላይ አስተኝተው።